የጨፌው ዶቅማዎች የተጠሙበት ክረምት

ግንቦት 9

ከቆቦ እስከ ጎብዬ ድረስ ዛፍ በስሙ የጠራው ሰው እኔ ውዱ ብቻ ነኝ። ዛሬ ከቀትር በኋላ ጨፌው ውስጥ ጥላ ፈልጌ ቁጭ እንዳልኩ አንዱ ዶቅማ «ውዱ!» አለኝ። እሺ፣ «ውዱ» እንኳን አላለም። «ቋ!» ነው ያለው። ግን ከጀርባዬ ነው ያለው፣ እኔም «አቤት» ብያለሁ። አቤት ካልኩ ተጠርቻለሁ ማለት ነው።

ይህን ደብተር የሰጠችኝ የማታ ትምህርት አስተማሪያችን ፈሪሀ ናት። «አያ ውዱ፣ ፊደሉ እንዳይጠፋብዎት በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይጻፉ» አለችኝ። «የኔ ፊደል አይጠፋም፣ እንደ ግመል ምልክት በእሳት ነው የተተኮሰው» አልኳት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከሽማግሌዎቹ አንደኛ የወጣሁት እኔ ነኝ። ሽማግሌ የተባልነው ሁለት ብቻ መሆናችንን፣ ሁለተኛውም ዓይኑን እንደሚያመው እዚህ መጻፍ ግድ አይደለም።

ሥራዬ ዘበኝነት ነው። ሌላው ባንክ ይጠብቃል፣ እኔ ዛፍ። ከሮቢት ወደ ፀሐይ መውጫ ወረድ ሲሉ ጨፌ የምንለው ረግረግ አለ። እዚያ የቆሙት ዶቅማዎች በዚህ ቆላ የቀሩት የመጨረሻዎቹ ናቸው ብሎ ወረዳው ጠባቂ አደረገኝ። ዶቅማ እግሩን ውሃ ውስጥ ነክሮ የሚኖር ዛፍ ነው። ልጆች ሳለን ጥቁር ፍሬውን እየበላን፣ ምላሳችንን አውጥተን የማን ይበልጥ ጠቆረ እያልን እንፎካከር ነበር። አሸናፊው እኔ ነበርኩ። አሁን የዛፎቹ እግር ደርቋል። ሰው ሁሉ ጉድጓድ እየቆፈረ በፓምፕ ሲስብ ምንጩ ወደ ታች ሸሸ። ጭቃው ደርቆ ተሰነጣጠቀ፤ ስንጥቁ ውስጥ ዱላዬን ብሰድ እስከ እጀታው ይገባል።

«ቋ» የሚለው መሬቱ ሲሰነጠቅ ነው። ዛፉ አይደለም። ይህንንም አውቃለሁ።

ግንቦት 14

ናትናኤል መጣ። የወረዳው የደን ባለሙያ ነው፤ ከቆቦ በሞተር ሳይክል አቧራ ለብሶ ይመጣል፣ ጥሩ ልጅ ነው። ዛፎቹን አንድ በአንድ ዞረ። ቅርፊታቸውን በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ እያደረገ እርጥበት ፈለገ። እኔ ከኋላው እየተከተልኩ ቀልድ ነገርኩት፤ አልሰማኝም።

«ጋሽ ውዱ፣ በዚህ ክረምት ጨፌው አንድ ጊዜ እንኳን ጠግቦ ካልጠጣ ዛፎቹ አይተርፉም» አለኝ። «ፍሬው ሲበስል ይሰብስቡልኝ። የዶቅማ ዘር እንደ እህል አይቀመጥም፣ ከደረቀ ሞተ ማለት ነው። እርጥብ እንዳለ ይደውሉልኝ። ችግኝ አፍልተን ደጋ፣ ውሃው የማይነጥፍ ወንዝ ዳር እንተክለዋለን። ዘሩ ከተረፈ ዶቅማ ተረፈ ማለት ነው።»

«እነዚህስ?»

«እነዚህማ...» ብሎ እጁን አወናጨፈ። «እነዚህ አርጅተዋል ጋሽ ውዱ።»

«እኔም አርጅቻለሁ። ጥርሴን ንቀልና ደጋ ወስደህ ትከለኛ!»

ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ቤት ስደርስ ሳቄ አብሮኝ አልገባም።

ግንቦት 20

በችኮላ። በጨፌው ዙሪያ አጥር ጀመርኩ። የግራር እሾህ። እጄ ደማ። ናትናኤል ደውሎ «አጥሩ ለምንድን ነው?» አለኝ። «ለፍየል» አልኩት።

የጅብ ኮቴ አይቻለሁ። የጫረበትም ቦታ አለ። ጅብ ዛፍ አይበላም።

ግንቦት 21

ለፍየል ነው።

ግንቦት 28

ዛሬ ቦኖ ላይ ሴቶቹ ጀሪካን ሲያሰልፉ በአጠገባቸው አለፍኩ። ባለቤቴ ሳቢራ ጎረቤታችን ሀስና አጠገብ ቆማለች። ሀስና ዝቅ አድርጋ የተናገረች መስሏት ነበር፤ የሷ ዝቅታ ግን ሮቢት ድረስ ይሰማል።

«አንቺ ሳቢራ፣ በጨፌው በኩል ሳልፍ ሲያለቅሱ ሰማሁ።»

«እነማን?»

«እነማን ይባላል እንግዲህ? ስም የላቸው።»

እኔ ጣልቃ ገባሁ፤ ዝም ማለት መቼ አውቃለሁ። «እንቁራሪት ነው ሀስና! ሰርግ አላቸው መሰለኝ።»

«ውሃ በሌለበት እንቁራሪት ከየት መጣ አያ ውዱ?» አለችኝ።

ሴቶቹ ሲስቁ ሳቢራ ጀሪካኗ ሳይሞላ አንስታ ሄደች። ተራዋ ገና ነበር። እኔን አላየችኝም።

ወላሂ እንቁራሪት ይሆናል። ደረቅ አገር የሚኖር እንቁራሪት አለ ይባላል።

ሰኔ 2

እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ኩራዙን አጠገቤ አድርጌያለሁ። እስከዛሬ የጻፍኩትን ሳነበው አንድ ነገር ጎደለው። ለማያውቅ ሰው የሀስና ነገር አይገባውም። ለሥራዬ ብዬ ልጻፈው።

እኛ ዘንድ ሕፃን ተወልዶ ስም ሳይወጣለት፣ ክርስቲያኑም ክርስትና ሳያነሳው ከሞተ ከመካነ መቃብሩ አይገባም። ጨፌው ይወሰዳል። ዶቅማ ሥር፣ ለእርጥቡ አፈር ይሰጣል። እስላም ክርስቲያን ሳይባል እዚያ አንድ ላይ ናቸው። ወስዶ የሚቀብር አባት ብቻ ነው፣ ብቻውን። ምልክት አያኖርም፣ ሲመለስም ዞሮ አያይም። እናት ቦታውን አትጠይቅም፣ አይነገራትም። ካወቀች እግሯ እዚያው ይቀራል፣ ሌላ ልጅ አታቅፍም ይላሉ። የድሮ ሰዎች «ግድ የለም፣ ዶቅማው ያጠባዋል» ነበር የሚሉት። ዛፉ ከሥሩ ውሃ ይዞ ስለሚኖር ነው።

ለዚህ ነው ጨፌው ውስጥ መጥረቢያ ይዞ የሚገባ የሌለው። በቆላው ሁሉ ዶቅማ ለምሰሶና ለከሰል ሲያልቅ እዚህ የቀረው ለዚህ ነው። ወረዳው እኔን ሳይቀጥር በፊት ዘበኞቹ እነሱ ነበሩ። ደሞዝ እንኳን አይጠይቁም።

አሁን ውሃው ሄደ። መሬቱ አፉን ከፈተ።

እኔ ይህን የማውቀው ዘበኛ ስለሆንኩ ነው። አገሩም ያውቀዋል። አባት የሆነ ሁሉ ቦታውን ያውቃል።

ጋዙ ሊያልቅ ነው።

ሰኔ 5

በአህያ ውሃ እያመላለስኩ ጭቃ አቦካሁ። ስንጥቁን መድፈን ጀመርኩ። ከእያንዳንዱ ዛፍ ሥር፣ ሳላዳላ። አጎንብሼ ስደፍን ወደ ውስጥ አላይም። ፊቴን አዙሬ በእጄ ነው የምጠቀጥቀው። ልስን እንደሚለስን ሰው ያፏጫል አፌ።

ናትናኤል መጥቶ ነበር። «ጋሽ ውዱ፣ ይህ ለዛፉ ምንም አይጠቅመውም እኮ፣ ሥሩ ጥልቅ ነው» አለኝ።

«ለመልክ ነው» አልኩት። «ዛፍም ይኳላል።»

ሰኔ 11

ፍሬው በሰለ! ጥቂት ነው፣ ግን ጠቁሮ ሲያዩት ያስጎመጃል። ከወደቀውም ከዛፉም ለቀምኩ። በዚህ ዕድሜዬ ዛፍ ላይ ወጣሁ ብል ማን ያምነኛል? አልወጣሁም፤ በዘንግ ነው ያረገፍኩት። ግን ዘንጉን የያዝኩት ድንጋይ ላይ ቆሜ ነው።

ሥጋውን አጥቤ ዘሩን ለየሁት። ከዚያ የአባቴን ሙያ ሠራሁ፤ የደጋሊት ማሽላ ዘር በየዓመቱ ምድጃ በላይ፣ ጭሱ መሀል ይሰቀላል። ነቀዝ አይደፍረውም፣ ዓመት ቢቆይ አንድ ፍሬ አይመክንም። የዶቅማውንም ዘር በጨርቅ ቋጥሬ ከማሽላው ጎን ሰቀልኩት። ወረዳው ኮሌጅ የሚማረውን እኛ ጣራችን ሥር ነው የተማርነው።

ሳቢራ ቋጠሮውን ቀና ብላ አየችና «ልጁ እርጥብ ይዘራ አላለህም?» አለችኝ።

«አላለኝም።»

«እኔ እዚህ ሆኜ ለሀስና ስታወራ ሰምቼሃለሁ።»

«ሌላ ዛፍ ይሆናል ያወራሁት» አልኳት።

ሰኔ 18

ናትናኤል ደወለ። «ፍሬው እንዴት ነው?» አለኝ። «ገና ነው» አልኩት። ከዚያ ኔትወርኩ ጠፋ። ወይም እኔ ዘጋሁት።

ሰኔ 27

ናትናኤል መጣ። ቋጠሮውን በኩራት አወረድኩለት። ፈታው። አንዱን ዘር በምላጭ ለሁለት ከፈለው። ውስጡ ቡናማ፣ እንደ አሮጌ ቆዳ። ሌላ ከፈለ። ሌላ። ዝም ብሎ ይከፍላል። በመጨረሻ ጨርቁን አጣጥፎ በእጄ መለሰልኝ።

«ነግሬዎት ነበር ጋሽ ውዱ።»

ቢሳደብ ይሻለኝ ነበር። ደጃፌ ድንጋይ ላይ ቁጭ አለና አቧራውን ከጉልበቱ ማራገፍ ያዘ፣ አቧራው ግን አያልቅም።

«እንግዲህ የዘንድሮው ዘር የለም» አለ። «ከዚህ በኋላ ዘር የሚገኘው ዛፎቹ ራሳቸው እስከሚቀጥለው ፍሬ ከቆሙ ነው። እዚሁ፣ ባሉበት።»

«እንግዲያው ይቁሙ!» አልኩ። ድምፄ የሰርግ ድምፅ ሆነብኝ። ቀና ብሎ አየኝ።

ያለኝን ሰምቼው ነበር ወይ? ሰው ዕድሜ ልኩን ያደረገውን እጁ ራሱ ያደርገዋል። የሰቀለው እጄ ነው። እጄን ምን ልበለው።

ሐምሌ 6

ዝናብ የለም። ደመናው ከላስታ በኩል ይመጣና ሰላም ብሎን ያልፋል።

ማሽላው ጉልበቴ ላይ ደርሶ ቆመ። ቅጠሉን እንደ ጃንጥላ ጠቅልሏል።

ዛሬ ከወዲያኛው ጥግ ካለው ዶቅማ ሥር «ቋ» አለ። አቤት አላልኩም።

ሐምሌ 14

የእኛ እርሻ የጎርፍ እርሻ ነው። ተራራው ላይ ሲዘንብ ወንዙ ደፍርሶ ይመጣል፤ በአፈርና በቅርንጫፍ ክትር እንሠራና ጠልፈን በየተራ ወደ ማሳችን እናስገባለን። ተራውን የሚያስከብሩት የውሃ አባታችን አባ እሸቴ ናቸው። እሳቸው «ዝጋ» ካሉ የሚከፍት የለም። የራሳቸው ልጅ ቢሆን እንኳን።

ዛሬ ናትናኤል እሳቸው ዘንድ ሽምግልና ሄደ፣ እኔ አብሬው። «አባቴ፣ ጎርፍ ሲመጣ አንድ ተራ ለጨፌው ይስጡልን። ወረዳውም ያመሰግናል።»

አባ እሸቴ ጭራቸውን ወዘወዙ። «ልጄ፣ ውሃ ለወረዳ አይሰጥም። ውሃ ወይ ለማሳ ነው፣ ወይ ለሙት።»

«ዛፎቹ እኮ ይሞታሉ።»

«እንግዲያው ሲሞቱ ና።»

አጠገባቸው የነበሩት ሳቁ። እሳቸው አልሳቁም።

ስንመለስ ናትናኤል «ለሙት ማለት ምንድን ነው?» አለኝ። ነገርኩት። አንድ ቤተሰብ ከፈለገ የራሱን ተራ ለሞተበት ሰው ማጠጣት ይችላል። ለመስጊዱ ወይም ለቤተክርስቲያኑ ዛፍ። እስላሙ ሰደቃ ይለዋል፣ ክርስቲያኑ የነፍስ። ሰጪው ክትሩ ላይ ይቆማል፣ አባ እሸቴ ሰው ሁሉ እየሰማ «በማን ስም?» ብለው ይጠይቃሉ። ስም ይጠራል። ስም ካልተጠራ ውሃው አይንቀሳቀስም፤ አለበለዚያ ሌባ ሁሉ በሙት እያሳበበ የሰው ተራ ይወስዳል።

«ታዲያ የራሱን ተራ ለጨፌው የሚሰጥ ሰው ይገኝ ይሆን?» አለኝ።

«በዚህ ዓመት? ማሽላው እንዲህ ሆኖ? እብድ ካልሆነ» አልኩት።

ሐምሌ 22

ጠዋት ጨፌው ስገባ ከዛፎቹ ሥር መሬቱ ርሷል። ዝናብ አልዘነበም። አንድ ቅል የሚያህል ውሃ ከዚህኛው ሥር፣ አንድ ቅል ከዚያኛው ሥር፣ እስከ ጥግ ድረስ። አንዱም አልተዘለለም። ለሁሉም እኩል ነው የፈሰሰው። የትኛው እንደሆነ የማያውቅ ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው።

ኮቴ አለ። የሴት ሸበጥ ነው። የግራው ማሰሪያ በሽቦ የተጠገነ፣ ሽቦው መሬቱን ጭሮታል።

የሳቢራም ሸበጥ ግራው በሽቦ የታሰረ ነው። በዚህ አገር በሽቦ የሚያስር ብዙ ነው።

አጥሩ ውስጥ ሰው እንዳይገባ መከልከል ሥራዬ ነው። ኮቴውን በእግሬ አጠፋሁት።

ሐምሌ 30

ጎርፍ! ከሰዓት በኋላ ተራራው አጉረመረመ፣ ሁላችንም አካፋ ይዘን ሮጥን። ክትሩን ሠርተን ስንጨርስ ቀድሜ የደረስኩ እኔ ነኝ ብዬ ተናገርኩ። ቀድሞኝ የደረሰው ደጀን ነው፤ ማሳው ከኔ ቀጥሎ ስለሆነ ተራውም ከኔ ቀጥሎ ነው። ዛሬ የላይኞቹ ጠጡ። የኔ ተራ በሚቀጥለው ጎርፍ መጀመሪያ ነው።

ማታ ሳቢራ ማሽላው መሀል ገብታ ቆመች። «ተራችን መቼ ነው?» አለችኝ።

«ቀጣዩ ነው። ያኔ ማሽላው እንደ ግንብ ይቆማል፣ ታያለሽ።»

«ይደርስለታል?»

«ለማሽላው?»

ፊቷን ወደ ጨፌው አዞረች። እኔም ደግሜ አልጠየቅሁም።

ነሐሴ 7

በጣም ደክሞኛል፣ ግን ዛሬ ካልጻፍኩት ነገ ሌላ አድርጌ እጽፈዋለሁ። ራሴን አውቀዋለሁ።

ጎርፉ ጎህ ሲቀድ መጣ። ፀሐይ ስትወጣ ሁላችንም ክትሩ ላይ ነበርን፤ ሴቶቹም ቅርንጫፍ ተሸክመው ከኋላ። አባ እሸቴ ድንጋያቸው ላይ ቆመው «የውዱ ተራ! ማሳህን ክፈት!» አሉ።

አካፋዬን ተደግፌ «አልከፍትም» አልኩ። «ተራዬ ለጨፌው ነው።»

ምን እንደነካኝ አላውቅም። ሌሊቱን ሙሉ ማሽላዬን ሳሰላስል አድሬ ነው የመጣሁት።

«ኧረ ወግድ!» አለ ደጀን። «ዘበኛው ለደሞዙ ሲል ማሽላውን ሊያቃጥል ነው!»

«ዛፉን ኮረፌ ያጠጣው ከፈለገ!» አለ ሌላው። ሳቁ ወንዙን በለጠው። እኔም ሳቅሁ፤ ቀልድ እንዲመስል ፈልጌ ይሆናል።

አባ እሸቴ እጃቸውን አነሱ። «በማን ስም?»

የቆላው ሰው ሁሉ ይመስክር፣ ውዱ ነገር ጠፍቶበት አያውቅም። «በዶቅማ ስም» አልኩ።

ደግመው ሳቁ። እሳቸው ግን «ዛፍ ሙት አይደለም። በማን ስም?» አሉ።

አፌን ከፈትኩ፤ የሚወጣ የለም። ደጀን «ተራው አለፈ፣ ለኔ ይከፈት!» ብሎ አካፋውን አነሳ። ውሃው ክትሩን እየገፋ ነው። አባ እሸቴ ዓይኔን እያዩ ይጠብቃሉ። ልጄ ስም የላትም፤ ምን ብዬ ልጥራት? ጨፌው ከሄደች ጀምሮ «እሷ» እንኳን ብለን አውርተን አናውቅም።

ከኋላ አንዲት ሴት «በሂባ ስም» አለች።

ዞርን። ሳቢራ ናት። የተሸከመችውን ቅርንጫፍ እንኳን አላወረደችም።

«ሂባ ማን ናት?» አሉ አባ እሸቴ። እንደ ደንቡ ነው፣ መጠየቅ አለባቸው።

«የውዱ ልጅ።»

ማንም አልሳቀም። ደጀን አካፋውን አወረደ። ሀስና ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። አባ እሸቴ ባርኔጣቸውን አውልቀው ደረታቸው ላይ ያዙና ወንዙን በሚበልጥ ድምፅ «በሂባ ስም!» ብለው ጮኹ፤ በገዛ እጃቸው ወደ ጨፌው የሚወስደውን አሮጌ ቦይ ቆረጡት።

ውሃው ሄደ። የአጥሬን አንድ ጎን ተሸክሞ ሄደ። ስንጥቆቹ ውስጥ ሲገባ መሬቱ ትንፋሽ ያጠረው ሰው ይመስል ያለከልክ፣ አረፋ ይተፋ ነበር። እንደዚያ ያለ ድምፅ ሰምቼ አላውቅም፤ ዳግመኛም መስማት አልፈልግም።

የአንድ ሰው ተራ የሚያበቃው ክትሩ ላይ የተተከለው እንጨት ጥላ አባ እሸቴ የሚቆሙበትን ድንጋይ ሲነካ ነው። ጥላው ድንጋዩን ነካ። አለፈው። ደጀን ቀስ ብሎ «አባ፣ ጥላው...» አለ።

«አላየሁትም» አሉ አባ እሸቴ። እያዩት ነው።

በልጅነቴ፣ አባ እሸቴ ጎልማሳ ሳሉ፣ አንድ ጠዋት ጋቢያቸው ውስጥ አንዳች ነገር አቅፈው ብቻቸውን ወደ ጨፌው ሲወርዱ አይቼ ነበር። ያኔ ጠቦት መስሎኝ ተከትዬ ልሮጥ ስል እናቴ ጆሮዬን ይዛ መለሰችኝ።

ቤት ስንገባ ሳቢራን «መቼ አወጣሽላት?» አልኳት።

«ከብቱ ጠፍቶ ልትፈልግ የሄድክ ቀን። ገና በሕይወት ሳለች። በጆሮዋ ነገርኳት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቅኸኝማ።»

ነሐሴ 16

ደጀን ጠገበ፣ የታችኞቹም ጠገቡ። ሌላ ጎርፍ አልመጣም። ማሽላችን ቆሞ ነጣ። ዛሬ አገዳውን ለከብት አጨድነው። ሳቢራ ታጭዳለች፣ እኔ እሸከማለሁ። ቀልድ ሞከርኩ፤ «ዘንድሮ ወፍ መጠበቅ ቀረልን» አልኳት። በአፍንጫዋ ሳቀች። ለእሷ ብዙ ነው።

ደጀን ሲያልፍ አየን። ቆመና «አያ ውዱ፣ ያን ቀን የተናገርኩት...» አለ። «የቱን?» አልኩት። ማጭዱን አንስቶ እስኪመሽ አብሮን አጨደ።

ነሐሴ 29

ናትናኤል መጣ። ከአጥሩ ደጃፍ ጀምሮ እየሮጠ ገባ። በታችኛው በኩል ያሉት ዶቅማዎች አቆጥቁጠዋል! የዶቅማ ቀንበጥ ሲወጣ አረንጓዴ አይደለም፣ ቀይ ነው፤ ሩቅ ሆኖ ላየው የተቀጣጠለ ይመስላል። «ይተርፋሉ ጋሽ ውዱ! እነዚህ ይተርፋሉ፣ ከርሞ ፍሬ ይሰጡናል!» እያለ ጨበጠኝ፣ ደግሞ ጨበጠኝ። «የከርሞውን ዘር ጭስ ላይ የሰቀልኩ ቀን እኔን ስቀለኝ» አልኩት።

የላይኛው ወገን ከፍ ያለ ነው፤ ውሃው አልወጣላቸውም። እነሱ አልቀዋል። ቅርፊታቸው እየተላጠ ነው።

«እነዚህ ነፋስ ጥሏቸው ሰው እንዳይጎዱ ብንቆርጣቸውስ?» አለኝ።

«አይቆረጡም።»

«ደርቀዋል እኮ።»

«ናቲ፣ ልጄ፣ አይቆረጡም አልኩህ።»

እንዲህ ስናገር ሰምቶኝ አያውቅም። አየኝ፤ ቀጥሎ የደረቁትን አየ፤ ቀጥሎ መሬቱን። ሰው ነግሮት ይሁን እሱው ገብቶት እንጃ። «እሺ፣ በራሳቸው ጊዜ ይውደቁ» አለና ኮፍያውን አውልቆ ወጣ።

ትናንት ማታ በህልሜ የላይኞቹ ዛፎች ሥር ጭቃ ስጠቀጥቅ አደርኩ። ደፍኜ ዘወር ስል ከኋላዬ ይከፈታል።

መስከረም 5

ዛሬ ሳቢራ አጥሩ ደጃፍ መጣች። በቀን፣ ሰው እያየ። እንደ እንግዳ ቆማ «ግቢ በለኝ እንጂ» አለችኝ። «ግቢ» አልኳት።

ታችኛው በኩል መሬቱ ለስልሷል፣ ሸበጧ ስመጥ እያለ ይመለሳል። ጥቂት ሄደች። ከዚያ ቆመች።

«የትኛው ነው?»

እናት አትጠይቅም። ደንብ ነው። ግን ስም ያወጣችላት እሷ ናት፤ ደንቡን ማን ይንገራት?

«እግርሽ እዚህ ይቀራል ይላሉ» አልኳት።

«መቼ ወጥቶ ያውቃል?» አለችኝ።

አሳየኋት። ወደ ፀሐይ መውጫ ጎንበስ ያለችውን፣ ቀንበጧ ከሁሉም የበዛውን። ያን ቀን ካፊያ እንደነበር ነገርኳት። በነጭ ጨርቅ ጠቅልዬ ከሥሯ በስተቀኝ እንዳስተኛኋት፣ ደንቡ ምልክት ቢከለክልም እኔ ግን ማንም ሳያይ መጅ የሚያህል ጠፍጣፋ ድንጋይ ከጭቃው ሥር እንዳኖርኩ፣ ድንጋዩ ዛሬም እዚያው እንዳለ፣ ስንጥቁም እዚያች ዛፍ ዘንድ ጨርሶ እንዳልደረሰ ነገርኳት።

ቀርባ መዳፏን ቅርፊቱ ላይ አደረገች። 

«ቅጠሏ ቀይ ነው» አለች።

«ሲያድግ ይጠቁራል።»

«ሂባ» አለች፣ ለዛፏ። ከዚያ ለእኔ፣ «ጅቡስ?»

«ድንጋዩ አለ እኮ» አልኳት።

ተነፈሰች። ስትመለስ ሸበጧን አውልቃ በእጇ ይዛ፣ ጭቃውን በባዶ እግሯ እየረገጠች ሄደች። ወደ ላይኞቹ ዛፎች አላየችም።

መስከረም 6

ትናንት ከጻፍኩት ጨርቁ እውነት ነው። ድንጋዩ ውሸት ነው። ምንም አላኖርኩም።

ካፊያም አልነበረም፣ ዶፍ ነበር። ጨፌው ሞልቶ ጭቃው ጉልበቴ ላይ ደርሶ ነበር፤ እያለቀስኩ ስለነበር ዛፎቹ ሁሉ አንድ ሆነውብኛል። ከአንዱ ሥር ነው። የትኛው እንደሆነ ያኔውኑ፣ ከጭቃው ሳልወጣ ጠፍቶብኛል። ዞሬ ያላየሁት ለደንቡ ብዬ ነው ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ፈርቼ ነው። ላይኛው ወገን ይሁን ታችኛው አላውቅም። ሳቢራ ስትጠይቀኝ ዓይኔን ዞር ዞር አደረግሁና በሕይወት ያለችውን አሳየኋት።